ለሕክምና ሄዶ ቤት መከራየት

(በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ሒሳብ አያያዝ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ስለ ሒሳብ አያያዝ ግን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተናግሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ኋላ የተቀመጡት ሲያንጎላጁ አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ እኔ ራሴ ስለሠራሁት የሒሳብ ስህተት ልናገር ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ስህተቱ የእናንተን ገንዘብ ስለነካ፣ ከሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የታናሽ እህቴ ኩላሊቶች ሥራ አቁመው፣ አንድ ዓመት በእጥበት ከቆየች በኋላ እናታችን አንድ ኩላሊቷን ልትሰጣት ወሰነች። ግንቦት 26 ቀን 2016 ሦስታችን ወደ ሕንድ ሄድን። እህቴ ተቀባይ፣ እናቴ ሰጪ፣ እኔ ደግሞ ምግብ አብሳይ፣ አስተርጓሚና ገንዘብ ያዥ። የተመለስነው ጥቅምት 12 ቀን 2017 ነው። ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ አልናገርም፤ እሱ በሐኪሞቹ እጅ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሚገባ ሠርተውታል። በእኔ እጅ የነበረው ቤቱ ነው።

ከመሄዳችን በፊት ከሆስፒታሉ የዋጋ ግምት ተላከልን። የቀዶ ሕክምናው፣ የአልጋው፣ የምርመራው፣ የመድኃኒቱ ዋጋ በመስመር በመስመር ተዘርዝሯል። ባንክም የውጭ ምንዛሪ የፈቀደልን ይህንኑ ወረቀት ይዘን ነው። የቤት ኪራይ የሚል መስመር በወረቀቱ ላይ የለም። ቤተሰባችንም ገንዘብ ሲያዋጣ የሚያስበው ስለ ቀዶ ሕክምናው ብቻ ነበር። እኔም ለመኖሪያ የያዝኩት «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል አንድ መስመር ነው። ሒሳብ የሠራችሁ ታውቃላችሁ፣ ያልታሰበበት ነገር ሁሉ የሚወረወረው እዚያ ነው።

አሁን ተመልሼ ስቆጥረው ሕንድ ያደርነው 141 ሌሊት ነው። ከዚህ ውስጥ እህቴ ሆስፒታል ያደረችው 12 ሌሊት ብቻ ነው። 129ኙን ያደረችው በኪራይ ቤት ነው። እናቴማ ሆስፒታል ያደረችው ስድስት ቀን አይሞላም። አንድ ሰው ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ሄደ ስንል ሆስፒታል ተኝቶ ይታየናል እንጂ፣ እውነቱ ቤት ተከራይቶ መኖሩ ነው።

ያ ቤት ደግሞ እንዲሁ ማደሪያ አይደለም። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው፣ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳል። ስለዚህ ሌላውን ሰው የማይነካ ትንሽ ነገር እሱን ይጥለዋል። ምቹ ቤት ስል ሶፋና ትልቅ ቴሌቪዥን ማለቴ አይደለም። ከሌላ ሰው ጋር የማይጋሩት መጸዳጃ፣ የራስ ማእድ ቤት፣ ሻጋታ የሌለበት ግድግዳ፣ ፈልቶ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ማለቴ ነው። ሌላም አንድ ነገር ነበረ፣ እመጣበታለሁ።

ያረፍነው ከዴልሂ አጠገብ ባለችው ጉርጋኦን በምትባል ከተማ ነው። ትልልቅ የግል ሆስፒታሎች ያሉባት ከተማ ናት። በሆስፒታሎቹ ዙሪያ ያሉት መንደሮች በታማሚ እንግዶች የሚኖሩ ናቸው፤ የቤት ማስታወቂያው ላይ አረብኛም ሩሲያኛም ታያላችሁ። የእኛንም ሰው በየመንገዱ ታገኛላችሁ። ነጠላ ያደረገች እናት ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ ሰላም እላት ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ሌሊቶች የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አደርን። ሦስት አልጋ ያለው ክፍል በሌሊት 2,000 ሩፒ ነው። በወር ሲመታ 60,000 ይሆናል፣ ማእድ ቤቱም የጋራ ነው። ውድ ነው፤ ቢሆንም ይህን በማድረጌ አልጸጸትም። አዲስ አበባ ሳለን አንድ ደላላ የሦስት ወር ኪራይ ቀድመን ብንልክለት «ጥሩ ቤት» እንደሚይዝልን ነግሮን ነበር። አልላክንም። ከዚህ ሆናችሁ ላላያችሁት ቤት ከአንድ ሳምንት በላይ አትክፈሉ። በፎቶ የማይታይ ነገር ብዙ ነው፤ ሽታ፣ ጫጫታ፣ የውኃው ግፊት፣ የደረጃው ብዛት።

ቤት ለመያዝ የቸኮልኩት በወጪው ብቻ አልነበረም። ቪዛችን ከቆይታችን ያጠረ ስለነበር ማራዘም ነበረብን። ለማራዘም ደግሞ የኪራይ ውልና «ፎርም ሲ» የሚባል ወረቀት ይጠየቅ ነበር። በሕንድ ሕግ የውጭ ሰው ያሳደረ ሁሉ፣ ሆቴልም ይሁን ግለሰብ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ፎርም ሞልቶ ለውጭ ዜጎች ምዝገባ መሥሪያ ቤት መላክ አለበት። የእንግዳ ማረፊያዎች ለምደውታል፣ ሳትጠይቋቸው ይልኩታል። የግል ቤት አከራዮች ግን «አያስፈልግም፣ ማን ይጠይቅሻል» ይላሉ። ኪራዩ ለግብር እንዳይታወቅባቸው ይመስለኛል፤ ይህ ጠባይ እኛም አገር እንግዳ አይደለም። ፎርሙን አልልክም ያለ አከራይ ቤቱ ቤተ መንግሥት ቢሆን እንኳ አትግቡ፤ በኋላ ቪዛ ለማራዘም የምትንከራተቱት እናንተ ናችሁ።

ሆስፒታል ውስጥ የተዋወቅኳት አንዲት ኢትዮጵያዊት ባሏን ልታሳክም የመጣች ነበረች። ከሆስፒታሉ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ግራውንድ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አየን፤ ኪራዩ 31,000 ሩፒ ነው። በዚያው ቀን ደላላው ሌላ አሳየኝ። ሦስት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ከላዩ ጣራው ብቻ፣ ሊፍት የለውም። ንጹሕ ነው፣ ሰፊ ነው፣ 24,000 ሩፒ ነው። በወር 7,000 ሩፒ ልዩነት! እናቴ ደረጃውን ወጥታ አየችውና «እኔስ ዛሬ ወጣሁት፤ ከተቀደድኩ በኋላስ?» አለችኝ። «እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ትወጪዋለሽ» አልኳት። ግራውንዱን ያቺ ኢትዮጵያዊት ተከራየችው፣ እኔ ሦስተኛ ፎቁን ያዝኩት።

ውሉ የ11 ወር ነበር። እዚያ አብዛኛው ውል 11 ወር ነው፤ ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ውል መመዝገብ አለበት የሚል የ1908 ሕግ ስላላቸው፣ ከምዝገባው ለማምለጥ አንድ ወር ይቀንሱለታል። መያዣ የሁለት ወር ኪራይ፣ 48,000 ሩፒ ከፈልኩ። ውሉ ቴምብር ባለበት ወረቀት ላይ የተጻፈ አራት ገጽ እንግሊዝኛ ነው። በሥራዬ የአንድን ደረሰኝ ቁጥር ሦስት ጊዜ የማነጻጽር ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እህቴ ከእጥበት ወጥታ ወንበር ላይ ተዘርግታለች፣ ደላላው ሰዓቱን ያያል፣ እኔ የኪራዩንና የመያዣውን ቁጥር አይቼ ፈረምኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሎክ ኢን ፒሪየድ፣ ስድስት ወር» ይላል። ተከራይ ከስድስት ወር በፊት ከለቀቀ መያዣው አይመለስም ማለት ነው። እኛ አገር በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል፣ ውሉም በመንግሥት እንዲመዘገብ ያደርጋል። እዚያ የነበረኝ ጠባቂ ያ ወረቀት ብቻ ነበር፣ እሱንም አላነበብኩትም።

ቀዶ ሕክምናው ሐምሌ 17 ተደረገ። እናቴ ከሆስፒታል የወጣችው ሐምሌ 22 ነው። ቀኑን የማልረሳው በሌላ ምክንያትም ነው። ያን ዕለት የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ቀሪውን ገንዘብ ባንክ እንዲልክልን ወረፋ ስንጠብቅ የነበረው በ57 ብር ሒሳብ ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያዘጋጀሁት በጀት ወረቀቱ ላይ እንዳለ ዋጋ አጣ። ወንድሜ ስልክ ደውሎ ይህን ሲነግረኝ እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፣ እናቴን ደግፌ።

ደረጃው 54 ነው። በየማረፊያው ትቀመጣለች። አንደኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ሁለት ቀን አይተዋት በሦስተኛው ቀን በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው አስቀመጡላት። ቋንቋ አይግባቡም፤ እሷ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ እነሱ እጃቸውን አጋጥመው ጎንበስ ይላሉ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ስንት ነበር ያተረፍነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ምንም አልመለሰችልኝም።

እህቴ ሐምሌ 26 ስትወጣ በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠን እኔና የሕንፃው ዘበኛ ተሸክመን አወጣናት። በሳምንት ሁለት ቀን ደም መስጠት አለባት፤ በወረደች ቁጥር መውጣት አለ። ነሐሴ 5 ሌሊት ትኩሳት ያዛት። አዲስ ኩላሊት ላለው ሰው ትኩሳት እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ ሐኪሞቹ ደጋግመው ነግረውናል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ ዘበኛው የለም፣ እናቴ ማንሳት አትችልም። እኔና እህቴ እየተቀመጥን እየተነሣን መሬት ስንደርስ 25 ደቂቃ ፈጅቶብናል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፣ ሁለት ሌሊት ተኝታ በመድኃኒት ዳነች። በሽታውን ደረጃው አላመጣውም፤ ያንን ልክ ያልሆነ ክስ አላቀርብም። ግን ያን 25 ደቂቃ እስከ ዛሬ በሕልሜ እወርደዋለሁ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ወደዚያ ቤት አልመልሳትም ብዬ ወሰንኩ። ለሰብሳቢያችን የደወልኩት በዚያን ጊዜ ነው። ማኅበሩ ከአስቸኳይ ብድር ሣጥኑ 60,000 ብር በሁለት ቀን ውስጥ ፈቀደልኝ፣ ሦስት እህቶች ዋስ ሆኑ፣ ወንድሜ ምንዛሪ ገዝቶ ላከልኝ። በዚያ ገንዘብ ነሐሴ 9 ሌላ ግራውንድ ቤት ያዝኩ፣ 33,000 ሩፒ። የመጀመሪያው አከራይ ግን ሦስተኛውን ገጽ ከፍቶ አሳየኝ። ቢለመንም 48,000 ሩፒው አልተመለሰም።

ሒሳቡን የሠራሁት አዲሱ ቤት ገብተን እህቴ ከተኛች በኋላ ነው። መሥራት የነበረብኝ በሰኔ ነበር። ሦስተኛ ፎቁ ኪራይ 24,000። መጓጓዣ፦ እኛ ባጃጅ የምንለውን እነሱ አውቶ ይሉታል፣ ደርሶ መልስ 200 ሩፒ። ሰኔን በእጥበት፣ በምርመራና በንቅለ ተከላ ኮሚቴ ወረቀት ከሆስፒታል ስላልጠፋን 26 ቀን፣ 5,200። መብራት፦ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ጣራው ሥር ስለሆንን ኤሲው ሲጠፋ ቤቱ ምድጃ ይሆናል፣ 6,400። ድምር 35,600። አሁን ያቺ ኢትዮጵያዊት የተከራየችውን ግራውንድ ውሰዱ። ኪራይ 31,000። በዚያው ወር የከፈለችው መብራት 4,100፤ ጠይቄያት ነው። መንገዱ በእግር ነው፤ እህቴ ለደከማት ቀን 500 ብንይዝ፣ ድምር 35,600።

እኩል ነው። አንዲት ሩፒ አላተረፍኩም።

ስለዚህ የጠፋው 48,000ው በሙሉ ነው። ወደ 570 ዶላር ይመጣል። በድሮው ምንዛሪ 32,500 ብር ገደማ ነበር፣ በአዲሱ ከ57,000 ብር በላይ። እናንተ ያበደራችሁኝ 60,000 ነው። ገንዘቡ ለአዲሱ ቤት መዋሉ እውነት ነው፣ ደረሰኙም አለ። ግን መያዣዬን ባላጣ ኖሮ ያንን ብድር አልጠይቅም ነበር። ለደጋፊዎቻችንም ይህን በዚሁ መልክ እንዳለ እነግራችኋለሁ፣ «የታማሚ ቤተሰብ ረዳን» ብቻ ብለን ብንጽፍ ግማሹን መደበቅ ነው። እስከ ዛሬ 42,000 መልሻለሁ፣ 18,000 ይቀረኛል።

አሁን ለምትሄዱት። ኪራይ ሲነገራችሁ እሱን ብቻ አትያዙ፤ መብራቱን፣ የሚጠጣውን ውኃ፣ መንገዱን ደምሩና ለቀን አካፍሉት። ሁለት ቤት የሚወዳደረው በዚያ ነው። መብራት በአንድ ዩኒት ስንት እንደሚያስከፍሏችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ በገባችሁበት ቀን ቆጣሪውን ፎቶ አንሡት። አንድ ኤሲ አሥር ሰዓት ሲሠራ 12 ወይም 15 ዩኒት ይበላል፣ አከራዮች ደግሞ ዩኒቱን በፈለጉት ዋጋ ይቆርጡታል። መብራት ሲጠፋ «ኢንቨርተር አለ» ይሏችኋል፤ እሱ አምፖልና ማራገቢያ እንጂ ኤሲ አያነሣም። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር በነዋሪ ስም ስለሚመዘገብ ከአከራዩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። አከራይ ነኝ የሚለው ሰው በስሙ የመጣ የመብራት ደረሰኝ ያሳያችሁ። ገንዘብ በእጅ ከከፈላችሁ በዚያው ሰዓት ደረሰኝ ተቀበሉ።

ከሁሉ በላይ ግን መውጫችሁን ተደራደሩ። ታማሚ የመመለሻ ቀኑን አያውቅም፤ ሐኪሙ ሦስት ወር ብሎ አምስት ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ቤት ሎክ ኢኑን አስወጣሁት፣ በ15 ቀን ማስታወቂያ እንድንለቅ አስጻፍኩ። በወር 2,000 ሩፒ የጨመርኩት ለዚያ ነው፣ በደስታ ከፈልኩት። ስንለቅ መያዣችን ተመለሰ።

የሁለተኛው ቤት ባለቤት አሮጊት ናቸው፣ ሥጋ ለማይነካ ቤተሰብ እንጂ አላከራይም ያሉ። እዚያ ይህ የተለመደ ነው፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። «ሥጋ ታበስላላችሁ?» ብለው ሲጠይቁን ፍልሰታ ነበርና እናቴ በእኔ በኩል «እስከ ነሐሴ 16 አናበስልም በሏቸው» አለች። ሴትዮዋ ስቀው ፈቀዱልን። ከዚያም በኋላ እንቁላል ብቻ ነበር የተፈቀደልን፣ ምስርና አይብ ግን ርካሽ ስለሆነ አልተቸገርንም። ምጣድ ይዛችሁ አትሂዱ። እኔ ሻንጣ ሞልቶ ከዚህ የተሸከምኩት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገና እንደተሰካ የፎቁን መብራት በሙሉ አጠፋው፤ በመጥበሻ ትንንሽ እንጀራ ጋግረን ኖርን። ድርቆሽና ሽሮ ይበቃችኋል።

ከሥራ አስፈጻሚው የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በብድር ማመልከቻ ቅጻችን ላይ ለሕክምና ውጭ ለሚሄዱ «የመኖሪያ ወጪ በቀን» የሚል መስመር ይጨመር፤ ያንን ያልሞላች አባል ገንዘብ ከመውሰዷ በፊት ከአንዳችን ጋር ተቀምጣ ትሙላ። ሁለተኛ፣ አንድ መዝገብ ከፍቻለሁ። ያየኋቸውን ሰባት ቤቶች ከነደረጃቸው፣ ከነኪራያቸው፣ ከነአከራዮቹ ጠባይ ጽፌበታለሁ፤ ባንኮክም ኢስታንቡልም የቆያችሁ የራሳችሁን ጨምሩበት። በመጪው ወር ባለቤቷን ይዛ የምትሄድ እህታችን እዚህ አለች። ከሻይ በኋላ ከእሷ ጋር እንቀመጣለን፣ ውሉን በስልክ ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች፣ ሳልመልስላት እንዳትፈርም ተስማምተናል።

ጥያቄ ካላችሁ ሰዓት ተሰጥቶኛል። ስለ ደረጃው የምትጠይቁ ግን እህቴ እዚያ ኋላ ተቀምጣለች፣ እሷን ጠይቁ፤ ከእኔ ይልቅ ደጋግማ ቆጥራዋለች።